የፊት ጥርሴ የተሸረፈ ዕለት

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጥርሴ ነው። የላይኛዋ የፊት ጥርሴ ጫፏ ተሸርፏል። ሳወራ ብዙም አትታይም፣ ስስቅ ግን ቁልጭ ትላለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሉኝ «ወድቄ» እላለሁ፣ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ዛሬ ሙሉውን ልጽፈው ነው። ድንጋይ አላደናቀፈኝም፣ ጭቃም አላንሸራተተኝም። የጣለኝ ልቤ ነው።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የእናቴ ቤት ብቸና አካባቢ ስለሆነ በዓል በመጣ ቁጥር እዚያ ነኝ። መጀመሪያ የወደቅኩት በስቅለት፣ ስግደት ላይ ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት ጾም፣ በዚያ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ያልነካው ጉሮሮ፣ በዚያ ላይ ፀሐይ። ስሰግድ ስነሳ፣ ስሰግድ ስነሳ ጆሮዬ ጭው አለ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ «ኧረ ልወድቅ ነው» ብዬ ነጠላዬን ሰብስቤ ቁጭ ለማለት ስሞክር ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ስነቃ ሴቶቹ ክብሪት ለኩሰው ያሸትቱኛል። አንዷ ጸበል ትረጭብኛለች። ማንም አልደነገጠም። በስቅለት ስንት ሰው ይወድቃል!

ልቤ ያስቸግረኝ የነበረው ግን ከዚያ በፊትም ነው። ዝም ብሎ ሲመታ ቆይቶ አንዷን ይዘላል። ጸጥ ይላል። ከዚያ «ድም!» የሚል አንድ ትልቅ ምት፣ ጉሮሮዬ ድረስ። አንዳንድ ቀን ይህ ሃያ ጊዜ ይሆናል፣ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አይመጣም። ማርቆስ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ሰጠሁ። ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ። (አገራችን ውስጥ ደም ሰጥቶ ታይፎይድ ያልተገኘበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ።) መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ልቤ መዝለሉን አልተወም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ ጭንቀት ነው ብሎ ቫይታሚን አዘዘልኝና «ለምን አታገቢም?» ሲል ምክር ጨመረበት። ምክሩ ነጻ ነበር።

ሁለተኛው መውደቅ በሐምሌ ነው። ከቦኖው 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ ወደ ቤት የምትወጣዋን አቀበት እየወጣሁ ነበር። ወንድሜ ከኋላዬ ነው። የማስታውሰው ጀሪካኑ ትከሻዬን ሲቆርጠኝ፣ «አሁንስ አንተ ያዘው» ልለው ስል ነው። አላልኩትም። ጭው የለ፣ ላብ የለ፣ ዓይን መጨለም የለ። መብራት ሲጠፋ እንዳለው ነው። ሲነግረኝ እጄን እንኳ ወደ ፊት አላስቀደምኩም፣ እንደ ተቆረጠ ግንድ በፊቴ ነው የሄድኩት። ከንፈሬ ጠቁሮ ነበር አለኝ። ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ነው፣ ለእሱ ግን ዓመት ሆኖበታል። ከዚያ ተነስቼ ቁጭ አልኩና ጭቃ ተፋሁ። ጭቃው ውስጥ የጥርሴ ቁራጭ ነበረች።

ይህን ታሪክ ቆይቶ ያየኝ የልብ ሐኪም ሲሰማ ስለ ስቅለቱ ብዙም አልጠየቀኝም። ጾም፣ ፀሐይ፣ ውኃ ጥም፣ መጀመሪያ ጭው ማለት፣ ላብ፣ እሱ ብዙ ጊዜ የደም ግፊት መውረድ ነው፣ ማንንም ይጥላል አለ። የያዘው ጥርሴን ነው። «እጅሽን አላስቀደምሽም?» አለኝ ሁለት ጊዜ። ሥራ ላይ እያለ፣ ምንም ሳያስጠነቅቅ፣ እጅ ለመዘርጋት እንኳ ጊዜ ሳይሰጥ የሚጥል መውደቅ የልብ ምት ነገር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ልብ ነው ተብሎ ነው መጀመር ያለበት አለ። እኔ ግን ሰው ሁሉ በደነገጠበት ነበር የደነገጥኩት፤ ጥርሴ!

ከዚያ የማልረሳው ነገር መጣ። ማዳመጫውን ከግራ ጡቴ በታች አድርጎ «ቁጭ በይ» አለኝ። አዳመጠ። «ቁሚ» አለኝ። አዳመጠ። «አሁን ቁጢጥ በይ።» ሚኒስትሪ ከተፈተንኩ ወዲህ ሰው ፊት ቁጢጥ ብዬ የማውቅ አይመስለኝም፣ ተሳቅቄ ቁጢጥ አልኩ። እሱም አብሮኝ ቁጢጥ ብሎ አዳመጠ። ፈገግ አለና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካልኝ። «ድብ» ይላል፣ ከዚያ ከሁለተኛው «ድብ» በፊት ቀጭን «ጠቅ»። የኳስ ብዕር ስትጫን እንደሚለው። ስቆም ጠቅታዋ ወደ ፊት ትቀድማለች፣ ቁጢጥ ስል ትዘገያለች። ለማይትራል ቫልቭ ፕሮላፕስ ምልክቱ ይህ ነው አለኝ።

ይህቺ ጠቅታ የራሷ ታሪክ አላት። ሐኪሞች ድሮም ይሰሟት ነበር፣ ግን ከልብ ውጪ ያለ ነገር፣ ከልብ ሽፋን የሚመጣ ድምፅ ነው እያሉ ያልፏት ነበር። ከራሱ ከቫልቩ መሆኗን እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳየው ጆን ባርሎው የሚባል ጆሃንስበርግ ይሠራ የነበረ ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም ነው። ፕሮላፕስ የሚለውን ስም ከሦስት ዓመት በኋላ ያወጣለት አሜሪካዊው ማይክል ክሪሊ ነው። ማይትራል የሚለው ደግሞ ከቆብ የመጣ ነው፤ ቫልቩ ባለ ሁለት ክንፍ ስለሆነ የካቶሊክ ጳጳሳት የሚደፉትን ሁለት ጫፍ ያለውን ቆብ ይመስላል ተብሎ። የእኛ ጳጳሳት ቆብ ቢሆን ኖሮ ስሙ ሌላ ይሆን ነበር።

እንዴት እንደሚሠራ እኔ የገባኝ በሰርግ ዳስ ነው። ልብ ውስጥ በግራ በኩል፣ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል፣ ደም ወደ ታች አሳልፎ ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚዘጋ ሁለት ክንፍ ያለው ሸራ አለ። ሸራው በቀጫጭን ገመዶች ተይዟል። ገመዶቹ ከታች ከልብ ግድግዳ በወጡ ትንንሽ የጡንቻ ካስማዎች ላይ ታስረዋል። ልብ ሲጨመቅ ሸራው ይወጠርና ይዘጋል። የእኔ ሸራ ከሚገባው በላይ ሰፊና ለስላሳ ነው። ስለዚህ በየምቱ፣ ነፋስ እንደገባበት ዳስ፣ ወደ ላይ ቦፍ ይላል። ያቺ ጠቅታ ሸራውና ገመዱ በድንገት ሲወጠሩ የሚሰማው ነው።

ዳስ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ሸራው ቦፍ ባለ ቁጥር ገመዱ ይጎተታል፣ ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ካስማው ይነቃነቃል፣ ካስማው የተተከለበት መሬት ይላላል። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ አካባቢ ይመታል። አንዳንድ ሰው ላይ፣ ሁሉም ላይ አይደለም፣ ያ ጉተታ ካስማውንና ከሥሩ ያለውን ግድግዳ ያቆስላል፣ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል። ከጠባሳው ዙሪያ ደግሞ የማንንም ትእዛዝ ያልጠበቀ ምት ይነሳል። የእኔ «ድም!» እሱ ነው፤ ያልተጠራ ምት፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ የተጠራቀመውን ደም የሚገፋ ትልቅ ምት። አንድ ብቻውን ሲመጣ ብዙ ጊዜ ክፋት የለውም፣ ጤነኛ ሰው ላይም አለ። ሦስትና ከዚያ በላይ ተከታትለው በፍጥነት ሲመጡ ስሙ ይለወጣል። ሳይቆም ሲቀጥል ልብ ይንቀጠቀጣል እንጂ ደም አይረጭም። ያኔ ነው ሰው እንደ ግንድ የሚወድቀው። ካልተመለሰም ይሞታል።

አሁን፣ ይህን የሚያነብ ፕሮላፕስ ያለበት ሰው ካለ ከመደንገጡ በፊት ይስማኝ። ከመቶ ሰው ሁለት ሦስቱ ይህ ነገር አለባቸው። አብዛኞቹ ሳያውቁት ያረጃሉ። ገበያ ውስጥ መቶ ሰው መካከል ብትቆም ሁለቱ ጠቅ ይላሉ ማለት ነው፣ በግም ሲሸጡ፣ ሲከራከሩም። አደገኛው ምት የሚመጣባቸው ጥቂቶች ናቸው።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያነሳኝ የመጀመሪያው ባለሙያ ወረቀቱ ላይ «ፕሮላፕስ አለ፣ የሚመለሰው ደም ትንሽ ነው» ብሎ ጻፈና «አትጨነቂ» ብሎ ሸኘኝ። እኔም አልተጨነቅኩም። ለካ የሚፈሰው ደም ብዛት አንድ ጥያቄ ነው፣ የምቱ ሥርዓት ሌላ ጥያቄ ነው። ሸራው ብዙ ሳያፈስ ካስማውን ሊነቀንቅ ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ነው» ሲሉህ «ምቴስ?» በል። ሐኪሙ ከእኔ ወረቀቶች ውስጥ ለቅሞ ያወጣቸው እነዚህን ነው፤ ሁለቱም ክንፍ ቦፍ ማለታቸውን፣ ሸራው የተሰፋበት ጠርዝ ከጡንቻው ገንጠል ብሎ መቀመጡን፣ የልብን ኤሌክትሪክ የሚስለው ኢሲጂ ላይ የልብን ታችኛ ጎን የሚያዩት መስመሮች መጨረሻ ሞገዳቸው ተገልብጦ መታየቱን። እና ጥርሴን። ጣሊያን ውስጥ በቬኔቶ ግዛት ድንገት የሞቱ 650 ወጣቶችን ልብ የመረመሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት አለ። 43ቱ ላይ ያገኙት ይህንን ቫልቭ ነው፣ ከ43ቱ 26ቱ ሴቶች። ጠባሳው የነበረው እዚያው፣ ገመዱ በታሰረበት ካስማና ከሥሩ ባለው ግድግዳ ላይ ነው።

ቤት ስገባ «የቫልቭ ችግር ነው» አልኩ። ተሳሳትኩ። በእኛ ሰፈር ቫልቭ ማለት ልብ ድካም ነው፣ ልብ ድካም ማለት ደግሞ በየወሩ መርፌና «ለውጭ ሕክምና እርዱኝ» የሚል ፎቶ ነው። ሰፈሩ አልተሳሳተም፣ አገራችን ላይ ልጆችን የሚጨርሰው የቫልቭ በሽታ እሱ፣ ሐኪሞች ሩማቲክ የሚሉት ነውና። በጉሮሮ ሕመም ይጀምርና ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ ቫልቭ ያቆስላል፣ የወሩ ፔኒሲሊን ያ ጉሮሮ ሕመም እንዳይመለስ ነው። የእኔ ግን ያ አይደለም። በእሱ ቫልቭ ይጠነክራል፣ ይጣበቃል። የእኔ ልስላሴው ነው የበዛው። አጎቴ አያ ትልቁ ይህን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ «እና መርፌው ስንት ነው?» አለኝ።

ሐኪሙ ሆልተር አዘዘ፤ ደረት ላይ ተለጥፎ ሙሉ ቀን ምት የሚመዘግብ ማሽን። ለዚያ አዲስ አበባ መውረድ ነበረብኝ። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቄ፣ ደጀን ላይ አንድ ሻይ ጠጥቼ፣ የዓባይን በረሃ ወርጄ ወጣሁ። ያረፍኩበት የዘመዴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ለሆልተር እንዲህ ያለ ቤት የለም።

ማሽኑን ሲያስሩልኝ አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ ምን ስትሠሪ ምን እንደተሰማሽ ከነሰዓቱ ጻፊ። እኔ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ መዝገብ ስጡኝ! «4 ሰዓት ከ20፣ ደረጃ ወጣሁ፣ ሁለት ዘለለ።» «6 ሰዓት ተኩል፣ ምሳ፣ ሰላም ነው።» «10 ሰዓት፣ ሽንኩርትና ድንች ይዤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ልቤ ተንሸራተተ፣ ግድግዳ ያዝኩ።» በማግስቱ መለስኩ። ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ 10 ሰዓትን ከፈተ። ንጹሕ። መስመሩ እንደ ተማሪ ደብተር ቀጥ ያለ። «እዚህ ምንም የለም፣ ፈርተሽ ይሆናል» አለኝ። ሊዘጋው ሲል ከላይ ያለውን ቁጥር አየሁትና «ይሄ ጠዋት አይደል እንዴ?» አልኩ። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ነው። እኔ የጻፍኩት በእኛ። ያየው ገና ተለጥፎልኝ ታክሲ ውስጥ የተቀመጥኩበትን ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ሄዶ 16 ሰዓትን ከፈተ። ስድስት ሰፋፊ ምት፣ ተከታትለው፣ እንደ መጋዝ ጥርስ። ከዚያ ቀጥ ያለው መስመር ተመለሰ። ሁለታችንም ዝም አልን። ሆልተር ከታዘዘላችሁ ወረቀቱ ላይ «በእኛ ሰዓት» ብላችሁ ጻፉበት፣ በትልቁ።

የተሰጠኝ ሜቶፕሮሎል ነው፣ ልብን ረጋ የሚያደርግ። መጀመሪያ ላይ አደከመኝ፣ እጄንም አቀዘቀዘው፤ ማርቆስ እየኖሩ በዚያ ላይ የሚበርድ እጅ! አሁን ለምጄዋለሁ። በድንገት ማቆም ክልክል ነው፣ ምቱ ብሶበት ሊመለስ ይችላል። ሞቶ ለተመለሰ ሰው፣ ወይም አደጋው በግልጽ ለታየበት፣ ከአንገት አጥንት ሥር የሚቀበር ምቱ ሲበላሽ በኤሌክትሪክ የሚመልስ መሣሪያ አለ። እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም። ጠባሳ መኖሩን የሚያሳየውን ኤምአርአይ እየጠበቅኩ ነው።

ቡናስ? መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነው። «ምን ያህል ትጠጪያለሽ?» «ሦስቱንም።» አቦልና ቶና ጠጥተሽ ልብሽ ካልዘለለ ጠጪ፣ ከዘለለ ራስሽ ታውቂዋለሽ አለኝ። በረካን ትቻለሁ። ሰዎቹ ሳልመረቅ እንደተነሳሁ ነው የሚቆጥሩት። አጥብቆ የከለከለኝ ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ እወዳለሁ፣ ኮሶውንም እንደ አገሩ ሰው በባዶ ሆድ እወስድ ነበር። ብዙ ተቅማጥ ፖታሲየም ያሳጣል፣ ፖታሲየም ሲያንስ ልብ ያለ ትእዛዝ መምታት ይቀለዋል። ለትሉ ኪኒን አለ አለኝ። ጥሬ ሥጋውን ተዪ ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አላለም፣ እኔም አላስታወስኩትም።

ወንድሜን ደረት መጫን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ አሳየኝ፣ እኔ ደግሞ ጓዳ ባለው ማዳበሪያ ጤፍ ላይ አሳየሁት። ሰው ወድቆ ጠርተኸው ካልመለሰ፣ ደረቱም በወጉ ካልተነፈሰ፣ ክብሪት ፍለጋ አትሩጥ። አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ጩህና ጥራ። አንተ ተንበርከክ። የመዳፍህን ሥር በደረቱ መሐል አድርግ፣ ሌላውን እጅህን ከላይ ደርብ፣ ክርንህን ሳታጥፍ ጫን። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ፣ ከ6 አይለፍ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ስትደክም ሌላ ሰው ይተካህ። ወንድሜ ሁለት ደቂቃ ጤፉን ሲጫን ላቡ ጠብ አለ። እናቴ ገብታ አየችን። «ጤፉን ምን አደረጋችሁ?» «እኔ ብወድቅ እንዲህ እንዲያነሳኝ ነው እማ።» ቆማ አየችና «የወደቀ ሰው ይደበደባል?» አለች። ግን አልሄደችም። በሩን ተደግፋ እስከ መጨረሻው አየች።

ማታ ላይ እሷ ምስር እየለቀመች፣ እኔ እግሬን ምድጃው አጠገብ ዘርግቼ፣ ዝም ብላ ቆይታ «ታናሽ እህቴም እንዲሁ ነበረች» አለች።

ከዚህ በፊት ሐኪሙ «ከቤተሰብ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው አለ?» ብሎ ጠይቆኛል። «የለም» ነው ያልኩት። ስልክ ደውዬ እናቴንም ጠይቄያት ነበር። «የለም ልጄ፣ ምን ሟርት ነው» ብላኛለች። ዋሽታኝ አይደለም። አክስቴ ድንገት የሞተች ተብላ አታውቅም። መጋኛ የመታት ነው የምትባለው። ወንዝ ወርዳ፣ እንስራ አዝላ አቀበቱን ስትመለስ፣ ሳቋን ሳትጨርስ ድፍት አለች። ገና የመጀመሪያ ልጇን አላጠባችም ነበር። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁጭ ትል ነበር፣ «አንቺ ሰነፍ» እያልን እንስቅባት ነበር አለችኝ እናቴ። አክስቴን ምን እንደገደላት ዛሬ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ግን ሐኪሙ የጠየቀው ጥያቄ መልስ በቤታችን ውስጥ ይህን ያህል ዘመን የኖረው በሌላ ስም ነው። እኔ «ድንገት» ብዬ ስጠይቅ፣ እሷ ደግሞ «መጋኛ» ብላ ስታስቀምጠው ተላለፍን።

ነገሩ በዘር ሊሄድ ስለሚችል ወንድሜ ኢኮ ይነሳል፣ አክስቴ ልጆች ቢኖሯት ኖሮ እነሱም ይነሱ ነበር። ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ወር ነው። እናቴን ይዣት ልሄድ ነው።

«እኔ ለሐኪም ምን እላቸዋለሁ?» አለችኝ።

«ለእኔ የነገርሽኝን።»

«መጋኛ ነው ልበላቸው?»

«በያቸው። እንስራውንም እንዳትረሺ።»